በቃ የሚለው ማን ነው?

አንድ ብሎን ጠበቀ የምንለው መቼ ነው? ጥያቄው ከጋራዥ ደጃፍ የማያልፍ ይመስላል፤ መልሱም የታወቀ ነው፦ አልዞርም ሲል። ነገር ግን ብሎን ጉልበት እስከተጨመረበት ድረስ አልዞርም አይልም። በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ አንድ ጎልማሳ ሙሉ ክብደቱን ቢጥልበት፣ በቃኝ ያለ የመሰለው ብሎን ሌላ ሩብ ዙር ይሄዳል። ይደገም ቢባልም ይሄዳል። በመጨረሻ ድንገት እየቀለለ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወይ ብሎኑ ሊበጠስ ነው፣ ወይ ጥርሱ ተበልቷል። እንግዲህ የት ላይ መቆም እንዳለብን ብሎኑ ራሱ የሚናገረው፣ መናገሩ ከማይጠቅምበት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በቃ የሚል ሌላ ያስፈልጋል፤ ወይ የመካኒኩ እጅ፣ ወይ ቶርክ መፍቻ በሚባለው መሣሪያ ላይ የተሞላው ቁጥር።

የእጅና የቁጥር ክርክር በየጋራዡ አለ። አንደኛው ወገን ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ አጥብቄ አንድም ጎማ አልወለቀብኝም ይላል። ሌላው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ቁጥሩን የጻፈው ለጌጥ አይደለም ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። የምጠራጠረው የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር መሆኑን ነው። ክርክሩን ከመዳኘት በፊት፣ ሁለቱም የሚምሉበት ጥብቀት የሚባለው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ መመርመር ሳይሻል አይቀርም።

ብሎን የሚይዘው ስለገባ ይመስለናል። ጥርስ ከጥርስ ተነካክሶ፣ ዳዶው ብረቱን ተደግፎ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስላል። የምህንድስና መልስ ግን ሌላ ነው፤ ብሎን የሚይዘው ስለተለጠጠ ነው። ዳዶው ሲዞር ብሎኑን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ብሎኑም ይለጠጣል፤ የጎማ ብሎን ከሆነ ከአንድ የራስ ጸጉር ውፍረት በማይበልጥ ልክ። የተለጠጠው ብረት ወደ ቦታው መመለስ ይፈልጋል። መመለስ ስለተከለከለም በመካከሉ ያለውን ቸርኬ ጨምቆ ይይዛል። ጎማውን የሚያኖረው ይህ ጭመቃ ነው። ኮሮላን በመሳሰሉ በርካታ የቶዮታ አውቶሞቢሎች የጎማ ዳዶ እንዲጠብቅ የሚታዘዘው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህም ግማሽ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል እንደ ማሳረፍ ነው፤ ጎረምሳን የማያልበው ሥራ። ከዚህ ቀላል ግፊት የሚወለደው ጭመቃ ግን፣ ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ ከሆነ፣ በአንድ ዳዶ ብቻ ከ4 ቶን በላይ ይሆናል፤ የመኪናውን ሙሉ ክብደት ሦስት እጥፍ የሚያህል።

እንዲህ ከሆነ ጥብቀትን ከዕረፍት ጋር ማምታታት አይገባም። ጥብቅ ብሎን ማለት ለመመለስ ያለማቋረጥ የሚታገል፣ ግን መመለስ ያልቻለ ብሎን ነው። ከውጭ ለሚያየው ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ከውስጥ ግን ከተጫነበት ኃይል ጋር ግብግብ ላይ ነው። አንድ አስገራሚ ነገር የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ብረት የሚመለሰው እስከ አንድ ወሰን ድረስ ነው። ከዚያ ወሰን በላይ የተለጠጠ ብሎን ረዝሞ ይቀራል፤ ወደ ነበረበት ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ መለጠጡ ከቀጠለም የመያዝ አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ከመጠን በላይ ማጥበቅ መጨረሻው ማላላት ሊሆን ይችላል። ሲበዛ ማርም ይመራል እንላለን፤ ማሩ ግን እንደመረረ ምላስ ወዲያው ያውቀዋል። የተጎዳ ብሎን ካልተጎዳው በዓይን አይለይም።

ስለዚህ ማወቅ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ብሎኑ ምን ያህል ተለጥጧል? ቶርክ መፍቻ ይህን አይለካም። የሚለካው ዳዶውን ለማዞር ምን ያህል ኃይል እንደጠየቀ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ለማጥበቅ ከምናወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ የዳዶው ፊት ከተቀመጠበት ብረት ጋር ሲፋተግ ያልቃል። 40 በመቶ ያህሉን ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ያለው ፍትጊያ ይበላዋል። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ነው። የምንፈልገው ከአሥሩ አንዱን ሆኖ ሳለ የምንለካው አሥሩን በአንድ ላይ ነው። ጥርሱ ከዛገ ፍትጊያው ድርሻውን ያበዛል፤ መፍቻው ሞላ ሲል ብሎኑ ገና አልተለጠጠም። ዘይት ወይም ግራሶ ከነካው ደግሞ ፍትጊያው ይቀንሳል፤ ያው ቁጥር ብሎኑን ከታሰበው እጅግ አርቆ ይወስደዋል። በሁለቱም ጊዜ መሣሪያው ያሳየው ቁጥር አንድ ነው።

ክራር የሚቃኝ ሰው ይህ ችግር የለበትም። ክሩን ሲወጥረው ክሩ ራሱ በድምፁ ምን ያህል እንደተወጠረ ይናገራል። መቃኛው ቢሻክርም ቢለሰልስም ጆሮ የሚሰማው የክሩን ውጥረት እንጂ የመቃኛውን ፍትጊያ አይደለም። ለብሎን እንዲህ ያለ ጆሮ የለንም። በትልልቅ ማሽኖች ላይ ያሉ ብሎኖችን አልትራሳውንድ ልኮ የርዝመታቸውን ለውጥ የሚያነብ መሣሪያ አለ፤ የቪትዝ ጎማ ለማጥበቅ ግን ማንም ይዞት አይመጣም። ስለዚህ ከኋላው ሆነን፣ በምልክቱ፣ በጎረቤቱ እንለካዋለን።

የምህንድስና መማሪያዎች ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ሠንጠረዥ አለ። በለመደ እጅ ስሜት ብቻ የጠበቀ ብሎን ከታሰበለት ጭመቃ ወደ ላይም ወደ ታችም 35 በመቶ ያህል ሊዛነፍ ይችላል ይላል። በቶርክ መፍቻ የጠበቀውስ? 25 በመቶ። ይህን ሠንጠረዥ መጀመሪያ ያየ ሰው መፍቻው የተበላሸ ቢመስለው አይፈረድበትም። መፍቻው ግን ደህና ነው፤ አይሶ 6789 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህ መጠን ላላቸው የእጅ ቶርክ መፍቻዎች የሚፈቅደው ስሕተት 4 በመቶ ብቻ ነው። በ4 በመቶ ብቻ የሚሳሳት መሣሪያ 25 በመቶ የተዛነፈ ውጤት የሚሰጠው፣ በትክክል የሚመልሰው እኛ ልንጠይቅ ያሰብነውን ሳይሆን የጎረቤቱን ጥያቄ ስለሆነ ነው። ለፍልስፍና ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ መስጠት ይቸግራል፤ አንድ ነገር እጅግ ትክክል ሆኖ ከእውነቱ ሊርቅ ይችላል።

ታዲያ እጅ አሸነፈ? በ35 እና በ25 መካከል ያለው ርቀት፣ መሣሪያ አምላኪዎች እንደሚያስቡት የሰማይና የምድር አይደለም። ለእጅ የሚከራከር ሰው ተጨማሪ ማስረጃም አለው። እጅ መፍቻው የማይሰማውን ይሰማል። ዳዶው ጠምሞ ከገባ ገና በጣት ሲዞር ይታወቀዋል፤ አሸዋ ካለበት ይሻክረዋል፤ ብሎኑ እጅ መስጠት ሲጀምር ያን ክፉ መለስለስ ይለየዋል። ቶርክ መፍቻ ለዚህ ሁሉ ደንቆሮ ነው፤ ጠምሞ የገባ ዳዶም ቁጥሩን ይሞላለታል። ከኬሚስትነት ወደ ፍልስፍና የዞረው ማይክል ፖላንዪ በፈረንጆች 1966 ባሳተመው መጽሐፉ እንዲህ ላለው ዕውቀት ጠበቃ ቆሟል፤ የሰው ልጅ ዕውቀት በቃልና በቁጥር ተዘርዝሮ እንደማያልቅ፣ ከሥሩ ሁልጊዜ ያልተነገረ ዕውቀት እንዳለ ተከራክሯል። መካኒኮቻችን ፖላንዪን ባያነቡትም እጄ ይነግረኛል ሲሉ የእሱን ሐሳብ ነው የሚሉት።

እኔም እስከዚህ ድረስ ከእጅ ጋር ነኝ። ከእጅ የምለየው ሌላ ጥያቄ ሲነሣ ነው፤ ይህ እጅ ከማን ተማረ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሶማሌ ተራ አካባቢ ካሉት ጠባብ ጋራዦች በአንዱ ጥቂት ለቆመ ሰው ትምህርቱ ሲሰጥ ይታያል። ባለሙያው ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ሌላ ነገር ይፈታል። ልጁ በርከክ ብሎ የፊት ጎማ ያስራል፤ ፊቱ ላይ ግራሶ አለ፤ መፍቻው ክንዱን ያህላል።

“ጋሼ፣ ይበቃዋል?”

“ትንሽ ድገመው።”

ልጁ ጥርሱን ነክሶ ይጫነዋል። መፍቻው ሲጥ ይላል።

“እህ፣ ተወው በቃ።”

ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ተወው ያለው ሲጥታውንና የልጁን ትንፋሽ ሰምቶ ነው፤ ይህ በእርግጥ ችሎታ ነው። ግን “ትንሽ” ያለው የማንን ትንሽ ነው? ዘጠና ኪሎ የሚመዝን ሰው ትንሽ እና ሃምሳ ኪሎ የማይሞላ ልጅ ትንሽ አንድ አይደሉም። ልጁ ነገ ሲጎለምስ፣ ዛሬ ጥርሱን ነክሶ ያወጣውን ያህል ድካም እስኪሰማው ድረስ ቢያጠብቅ፣ ብሎኑ የሚያገኘው ኃይል የዛሬው አይሆንም። የተማረው የራሱን ድካም መጠን እንጂ የብሎኑን ልክ አይደለም። ድካም ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ይለዋወጣል፤ በጾም ቀን ሌላ ነው፤ ባለመኪናው ከአናት ቆሞ ቶሎ በል ሲል ሌላ ነው።

ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ፣ እጅን የሚያርመው መምህር አድሏዊ መሆኑ ነው። ማንኛውም ልምድ የሚገነባው ስሕተትን በማየት ነው፤ የማይታይ ስሕተት አያስተምርም። የላላ ጎማ በዚያው ቀን ወይም በዚያው ሳምንት ይናገራል። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ቸርኬው ይንጓጓል፣ ባለመኪናው ተቆጥቶ ይመለሳል፣ ጎረቤት ይሰማል፤ የመካኒኩ ስም ይነሣል። ከልክ በላይ የጠበቀስ? ዝም ይላል። ወራት ያልፋሉ፤ ምናልባትም ዓመት። አንድ ቀን ብሎኑ ሲበጠስ፣ ወይም ጎማ መፍቻው ዳዶውን አልፈታ ሲል፣ ወይም የፍሬን ዲስኩ ባልተካከለ ጭመቃ ተጣሞ ፔዳሉ እግር ሥር ሲርገበገብ፣ መኪናው ከዚያ መካኒክ እጅ ርቋል። ጥፋቱ ለእርጅና፣ ለመንገዱ፣ ለዕቃው ጥራት ይሰጣል። አሁን ደግሞ በዚህ ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት የቆየ እጅን አስቡ። ባላላ ቁጥር ተቀጥቷል፤ ባጠበቀ ቁጥር ማንም ምንም አላለውም። እንዲህ ያለ እጅ ወዴት ያዘነብላል? እያደር፣ ሳያውቀው፣ ጥቂት በጥቂት ወደ ማጥበቅ። አንድም ጎማ አልወለቀብኝም የሚለው መካኒክ ውሸት አልተናገረም። ያቀረበው ማስረጃ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ያስረዳል፤ ሌላው ግማሽ ወደ እሱ ተመልሶ አልመጣም። ስለዚህ ያ 35 በመቶ ራሱ በሠንጠረዡ ላይ ሲታይ ወደ ላይና ወደ ታች እኩል ቢመስልም፣ በጋራዡ ውስጥ እኩል እንደማይሆን እገምታለሁ።

ልምድ ዕውቀት ነው ስንል የምንዘነጋው ይህን ይመስለኛል። ልምድ ያላየውን እንዳላየ አያውቅም። የተሳሳተ እጅ እና ትክክለኛ እጅ ሲያጠብቁ ውስጣቸው የሚሰማቸው እርግጠኝነት አንድ ዓይነት ነው፤ እርግጠኝነት በራሱ የትኛው እንደሆነ አይለይም። መሣሪያው የሚጠቅመን ከእጁ በላይ ስለሚያውቅ ላይሆን ይችላል። ከእጁ ጋር ያልተማረ፣ ከእጁ ጋር ያልተቀጣ፣ ስለዚህም ከእጁ ጋር አብሮ የማያዘነብል ምስክር በመሆኑ ግን ይጠቅመናል።

ከማጥበቅ ጀርባ ፍርሃትም አለ። መላላት ቸልተኝነት ተብሎ ይነወራል፤ ማጥበቅ ጥንቃቄ ተብሎ ይመሰገናል። መፍቻው ላይ በእግሩ የሚቆም ጎሚስታ ባለመኪናውን ያስደስታል እንጂ አያስቆጣም፤ ሥራውን ከልቡ የሠራ ይመስላል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው በግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ሲቆም የሚያሳርፈው 340 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ከሚገባው ሦስት እጥፍ በላይ። ይህ ትርፍ ለደኅንነት የተከፈለ ይመስላል። ከፋዩ ግን ሌላ ሰው ነው። አባይ በረሃ ውስጥ፣ በመሸ ሰዓት፣ ጎማዋ ተንፍሶባት በክሪክና በመኪናው አጭር መፍቻ ዳዶውን ለመፍታት የምትታገለው ሴት ናት የምትከፍለው። ያጠበቀው ሰው ሲያጠብቅ ያሰበው መታሰሩን ብቻ ነው። የመኪና ዳዶ ግን እንደ ድልድይ ችካል ለዘለዓለም የሚታሰር አይደለም፤ የተሠራው አንድ ቀን በደካማ ክንድ እንዲፈታ ጭምር ነው። ልክ የሚባለው ነገር ሁለቱን ጉዳዮች ማስታረቅ አለበት፤ አሁን የሚያጠብቀውን ሰው ጭንቀት፣ ኋላ የምትፈታውንም ሴት ጉልበት።

ልክን በተመለከተ አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ያነሣው ምሳሌ እዚህ ላይ ይረዳናል። ለአንድ ስፖርተኛ አሥር ሚዛን ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት ሚዛን ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ስድስት ይሁን ብሎ ለሁሉም አያዝም ይላል፤ ለታዋቂው ታጋይ ለሚሎ ስድስቱ ያንሳል፣ ለጀማሪው ይበዛል። መካከለኛው የነገሩ መካከል ሳይሆን የባለጉዳዩ መካከል ነው። ይህን ይዘው ለእጅ የሚሟገቱ አሉ፤ እያንዳንዱ ብሎን ሌላ ስለሆነ አንድ ቁጥር ለሁሉም አይሠራም ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በማኑዋሉ ላይ 103 ብሎ የጻፈው መሐንዲስ በልቡ የነበረው አዲስ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ ብሎን ነው። አዲስ አበባ የሚሽከረከረው መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ አገር ያረጀ፣ ክረምት የጠጣ፣ ከአራት ዳዶው አንዱ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ቁጥሩ የተጻፈው ለእኛ ብሎን አይደለም ማለት እንችላለን።

ግን ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? ሚሎን ከጀማሪው የሚለየው አሠልጣኝ ሁለቱን በዓይኑ አይቷቸዋል። የተለጠጠን ብሎን ያየ መካኒክ የለም። ቁጥሩ የማይገጥመን ብሎናችን ስለዛገ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ማንሣት እንጂ ቁጥሩን መጣል አይደለም። ቁጥሩ ሲነገር አብሮት የሚነገር ዝርዝር አለ፦ ጥርሱ ይጽዳ፣ ዘይት አይንካው፣ የዳዶው ፊት ከቸርኬው ጋር በትክክል ይግጠም። ይህን ዝርዝር የፈጸመ ሰው ከቁጥሩ ያገኘው ጥቅም ቁጥሩ ራሱ ከሚሰጠው ይበልጣል። እጅ ግን እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ አያቀርብም፤ ለቆሸሸውም ለጸዳውም አንድ ዓይነት ይጨክናል። የሚያስቀው ነገር፣ ቶርክ መፍቻ በደንብ የሚሠራው ያለእሱም ደህና ይሠራ በነበረ ሰው እጅ ነው፤ ችኩሉና ዝርክርኩ ሰው ይዞት ሲሮጥ ብዙም አያድነውም።

ይህን ለማየት የጋራዡን ቲያትር መመልከት ይበቃል። ብዙ ጊዜ የምናየው ቶርክ መፍቻ ልኩ ሲሞላ ቀጭ የሚለው ዓይነት ነው። መካኒኩ በአየር በሚሠራው ማጥበቂያ ዳዶዎቹን ድርር አድርጎ ያስራቸዋል። ከዚያ ባለመኪናው እያየ ቶርክ መፍቻውን ያወጣል፤ አንድ በአንድ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሁሉም ልክ ነው፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ዳዶው አስቀድሞ ሁለት እጥፍ ጠብቆ ከሆነም መፍቻው ቀጭ ይላል፤ ሳይዞር፣ ገና እንደተነካ። ቀጭታው የሚመሰክረው ከዚህ አያንስም ብሎ ነው፤ ከዚህ አይበልጥም ማለት አይችልም። እንዲህ አድርጎ የሚጠቀምበት ሰው ያንን አድሏዊ እጅ የመሣሪያ ካባ አልብሶታል። ቁጥር ከእጅ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው፤ እጅ ቢሳሳት በእጄ ነው ብሎ ይሳሳታል፣ ቁጥር ግን ስሕተቱን የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ለእርግጠኝነት ብሎ ሁለቴ ሦስቴ ቀጭ የሚያሰኘውም ያው ነው፤ መፍቻው ነገረው እንጂ አላቆመውም።

ይህን ሁሉ ብዬ ሳበቃ አሁንም ለመሣሪያው ነው የምፈርደው። ምክንያቴ መሣሪያው ከተፈለሰፈበት ጉዳይ ጋር ይገናኛል። በፈረንጆች 1918 ኮንራድ ባር የሚባል የኒውዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቶርክ መፍቻን የፈጠረው ለመኪና አልነበረም፤ የከተማዋን የውሃ ቱቦዎች የሚያገናኙ ብሎኖች ከልክ በላይ እየጠበቁ ስላስቸገሩ ነው። በአንድ መገጣጠሚያ ዙሪያ ብዙ ብሎን አለ። አንዱ ሌላውን ካልመሰለ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ደህና ቢሆንም መገጣጠሚያው ያፈሳል። ጉዳዩ ያኔም ቢሆን አንድ ብሎን ምን ያህል ይጥበቅ ከሚለው ይልቅ፣ ብዙ ሰዎች ብዙ ብሎኖችን እንዴት አንድ ዓይነት ያጥብቁ የሚለው ነበር። የጎማም ነገር ይኸው ነው። የአንድ ጎማ ዳዶዎች ሁሉም ከታሰበው ጥቂት ቢያንሱ ወይም ሁሉም ጥቂት ቢበልጡ ጎማው ይታገሣል፤ የሚጎዳው አንዱ በጣም ሌላው ትንሽ ሲሆን ነው። ቶርክ መፍቻ እውነቱን ባይሰጠንም መተካከልን ይሰጠናል፤ ለጎማ ደግሞ ከእውነቱ ይልቅ መተካከሉ ሳይጠቅም አይቀርም።

መተካከል በዳዶዎች መካከል ብቻ አይደለም። በሰዎችም መካከል ነው። እጄ ነግሮኛል ያለውን ሰው ምን ብለን እንጠይቀዋለን? የሚከራከርበት ነገር አላቀረበልንም፤ ማመን ወይም አለማመን ብቻ ነው የተወልን። 103 ሞልቼ አጠበቅኩ ያለውን ግን መጠየቅ ይቻላል፦ መፍቻው መቼ ተፈተሸ? ጥርሱ ጸድቶ ነበር? ማኑዋሉ ለዚህ ሞዴል የሚለው ይህን ነው? ልጁ “ጋሼ፣ ይበቃዋል?” ሲል የጋሼን ትንፋሽ ማድመጥ ሳያስፈልገው የሚያየው ነገር ይኖረዋል፤ ጋሼም ቢሳሳት ልጁ ሊያርመው ይችላል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለአንዳንድ ጋሼዎች የሚዋጥ አይደለም፤ ቶርክ መፍቻ በብዙ ጋራዥ ከሳጥን የማይወጣበት አንዱ ምክንያት ከዋጋው እኩል ይኼም እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

መሐንዲሶቹ ራሳቸው ቁጥሩን እንደማያመልኩት የሚያሳይ አንድ ልማድ አለ። በብዙ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክፍል) የሚታሰርባቸው ብሎኖች መጀመሪያ በመጠነኛ ቶርክ ይጠብቁና ከዚያ ቶርኩ ይረሳል፤ መካኒኩ በብሎኑ ራስ ላይ ነጭ ቀለም ነክቶ ነጠብጣቡ ሩብ ዙር እስኪሄድ ያዞረዋል፤ ከዚያም ሌላ ሩብ ዙር። ኃይሉ ስንት እንደደረሰ ማንም አይጠይቅም። ፍትጊያ ቶርክን ያታልላል፤ የዙርን መጠን ግን ያን ያህል አያታልለውም፤ ዳዶ ወይም ብሎን ይህን ያህል ከዞረ ብሎኑ ይህን ያህል ተለጥጧልና። ሠንጠረዡም ይህን አካሄድ ከቶርክ አስበልጦ 15 በመቶ ያህል መዛነፍ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ሥራውን የሚመራው ዓይን፣ አንዲት የቀለም ነጥብና የሰው ትዕግሥት ነው። መሣሪያው ድንበሩን ካሳየ በኋላ ገለል ይላል። እጅ ተመልሶ መጣ እንዳንል ደግሞ፣ ነጥቧ የትም ቦታ፣ ለማንም ዓይን አንድ ናት።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ለጎማ፣ ለፍሬን፣ ለሞተር ብሎን ቶርክ መፍቻ ይግባ፤ እጅም ከፊቱ ይቅደም። ጎማ ስታስቀይሩ ዳዶዎቹ መጀመሪያ በጣት እስከ ውስጥ እንዲገቡ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉት እየተፈራረቁ እንዲያዙ፣ የመጨረሻው ማጥበቅም ጎማው መሬት ነክቶ፣ ከታች ተነሥቶ እስከ ልኩ በቶርክ መፍቻ እንዲሆን ጠይቁ። የአየር ማጥበቂያው ጨርሶ ካሰረው በኋላ የሚሰማውን ቀጭታ አትቀበሉ፤ ዳዶው ላላ ተደርጎ እንደገና ይጠብቅ በሉ። ቅር ቢላቸውም ጠይቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግሞ፣ በተለይ ቸርኬው አሉሚኒየም ከሆነ፣ ተመልሳችሁ አስፈትሹ።